ኮርክ ከተማ ውስጥ የት ይጠጣል?
ከደብረ ማርቆስ ወደ አየርላንዷ ኮርክ ለትምህርት የሚሄድ ወዳጄ የት መጠጣት እንደሚሻል ስለጠየቀኝ፣ መልሱ ሌሎቻችሁንም ይጠቅማል ብዬ እዚህ አስፍሬዋለሁ። በእኔ አስተያየት እዚያ ደርሶ ጊነስ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ጊነስ የደብሊን ነው፣ ኮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1792 የተጀመረው ቢሚሽና በ1856 የተጀመረው መርፊስ የተባሉ የራሷ ጥቁር ቢራዎች አሏት። አሳላፊው ብርጭቆውን አዘንብሎ ሦስት አራተኛ ያህል ከቀዳ በኋላ አረፋው እስኪለይ ያቆየውና ከዚያ ይሞላዋል፤ ጠላ ሳይጠልል እንደማይቀዳ የሚያውቅ የጎጃም ሰው በዚህ ሊቸኩል አይገባውም።

ባህላዊ ሙዚቃ ለሚወድ፣ ኮበርግ ጎዳና ላይ ያለውን ሺን ኤ የተባለ ጠባብ መጠጥ ቤት አስቀድማለሁ። ሙዚቀኞቹ መድረክ ሳይወጡ ከጠጪው መካከል ተቀምጠው ቫዮሊንና ዋሽንት ይጫወታሉ፤ ግንባራቸው ላይ ብር መለጠፍ ግን አይሞከርም! ጸጥታ የሚሻ ሰው «የእንግሊዝ ገበያ» ከሚባለው የኮርክ የምግብ ገበያ አጠገብ ባለው መተላለፊያ ሙተን ሌን ኢንን ያገኛል። ለኮክቴል ማክከርተን ጎዳና ላይ ካስክ አለ፤ ዋጋው ከቢራው በእጅጉ ስለሚበልጥ ለተማሪ ኪስ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አልመክርም።

አየርላንዳውያን በዙር ስለሚገባበዙ፣ ሲጋበዝ ቆይቶ ተራው ሲደርስ የሚወጣ ሰው ክፉኛ ይታማል።