የአባዬ ዶሮዎች

አባዬ ጡረታ በወጣ በወሩ 80 እንቁላል ጣይ ዶሮ ገዛ። ቢሾፍቱ ግቢያችን ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ቆርቆሮ ቤት አጸዳና ሰጋቱራ አንጥፎ አስገባቸው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ጠዋት ጠዋት የደረቀውን ኩስ ይጠርጋል። አቧራው በበሩ እየቦነነ ይወጣል፤ አባዬም እየሳለ ተከትሎት ይወጣል።

ሳሉ ደረቅ ነው። መጀመሪያ "ብርድ ነው" ብለን ዝንጅብልና ማር። ከዚያ አንድ ክሊኒክ "አስም ነው" ብሎ ፓፍ ሰጠው። ሌላው ቲቢ ጠረጠረና አክታ ስጥ አለው፤ ከየት ያምጣ? እንደ ምንም ሰጠ፤ ነጻ ነው ተባለ። አንቲባዮቲክ ሦስት ዙር ዋጠ። እንዲህ እያልን ዓመት ተኩል ሄደ።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ለፋሲካ ጎንደር እህቱ ጋ ሄዶ ሦስት ሳምንት ሲቆይ ሳሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። "የጎንደር አየር ተስማማው" አልን። በተመለሰ በሳምንቱ አገረሸበት።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት የሳንባ ስፔሻሊስት ጋ ደረስን። ኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካች፤ 91 በመቶ። ኮሪደሩን ስድስት ደቂቃ አስኬደችውና ደግማ አየች፤ 83። ጀርባውን ረጅም ጊዜ አዳመጠችና ወደ ልጄ ተለጣፊ ጫማ ዞረች። "እስቲ ማሰሪያውን ላጥ አድርጊው።" ጭርርር አለ። "ከሳንባቸው ሥር የምሰማው ይኼንን ነው።"

ቀጥላ፦ "አባቴ፣ ቤት ውስጥ ርግብ ወይም ዶሮ አለ?"

በዓመት ተኩል ውስጥ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ሕመሙን ኢንተርስቲሻል ላንግ ዲዚዝ አለችው። ይህ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ከ200 በላይ በሽታዎች የሚጠሩበት ነው። የሚመቱት በአየር ከረጢቶቹና በደም ሥሮቹ መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ ነው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በዚያ ነው። ግድግዳው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ሲቆይ ጠባሳ ይሆናል። ጤነኛ ሳንባ ትኩስ እንጀራ ነው ብትሉ፣ ጠባሳ የያዘው ድርቆሽ ነው፤ አይለጠጥም። (ምሳሌው የእኔ ነው፤ ዶክተሯን እንዳትወቅሱ።)

መነሻው ብዙ ነው። የድንጋይ ብናኝ፣ አስቤስቶስ፣ የሻገተ የደረቀ ሣር፣ እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ የራስን አካል የማጥቃት ሕመም፣ ለልብ ምት የሚታዘዘው አሚዮዳሮን ሳይቀር። መነሻው የማይታወቅም አለ፤ እሱ ከከባዶቹ አንዱ ነው። የአባዬን ያመጣው ከላባና ከኩስ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ሰውነቱ እንደ ጠላት ቆጥሮት በየጠዋቱ ሲዋጋ፣ ጦር ሜዳው ሳንባው ሆነ። እናቴ እኮ አብራው ትጠርግ ነበር፤ ምንም አልነካትም። የሁሉም ሰው ሰውነት እኩል አይቆጣም።

መድኃኒቱ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ነበር፤ ዋናው ትእዛዝ ግን "ዶሮዎቹ ይውጡ" የሚል። አባዬ ሁለት ሳምንት አኮረፈ። "ሳሉ ይሻለኛል" እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ተሸጡ። ቤቷን አንድ ልጅ ማስክ አድርጎ፣ ውኃ እየረጨ አጸዳት። ዶክተሯ ስለ ትራስም ጠይቃ ነበርና የእናቴ የሰርጓ የላባ ትራስ አብሮ ተሰናበተ። እሷም በተራዋ አኮረፈች።

ከስድስት ወር በኋላ ሲቲ ስካኑ ላይ ጭጋግ የመሰለው ነገር ቀንሷል። ጠባሳው ግን እዚያው ነው፤ አይመለስም። ተራምዶ ሲለካ አሁን 88 ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስደውል እናቴ አነሳች።

"አባዬስ?"

"አጥሩ ጋ ነው። ጫጩት ለገዛው ጎረቤት አቀላለቡን እያስረዳው ነው።"

"ማስክ አድርጓል?"

"አገጩ ላይ።"