ለእማዬ የመጣው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት እማዬ ደውላ "ዛሬ ሳትመጣ እንዳታድር" አለችኝ፣ ከስራ ስወጣ ቀጥታ አራት ኪሎ ሄድኩ፣ ለካ ከአንድ መስሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቶላት ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነው የሰነበተችው። እማዬ ማንበብ የተማረችው በመሰረተ ትምህርት ነው፣ ያ በ1971 የተጀመረው ዘመቻ፣ እና እስከ ዛሬ መነፅሯን አርጋ ያገኘችውን ታነባለች። ደብዳቤውን ሶስቴ አንብባዋለች። "ፊደሉን አነበብኩት፣ ነገሩን ግን አልነገረኝም" አለችኝ።

ተቀብዬ ሳነበው ከላይ እስከ ታች አንድ አረፍተ ነገር ነው። እንዲህ ይላል፦ "ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው የቤት ኪራይ ውል እድሳትን አስመልክቶ ቀደም ሲል በተላለፈው ማሳሰቢያ መሰረት አስፈላጊውን ማስረጃ ያላቀረቡ ተከራዮች ይህ ደብዳቤ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ባሉት 10 የስራ ቀናት ውስጥ ቀርበው ውላቸውን እንዲያሳድሱ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን በመመሪያው መሰረት ተገቢው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናሳውቃለን።"

እማዬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው "እርምጃ" የምትለዋን ብቻ ነው፣ ከቤት ሊያስወጡኝ ነው ብላ። አልፈርድባትም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፣ ስለዚህ አረፍተ ነገር በረዘመ ቁጥር አንባቢው ማን፣ መቼ፣ በምን መሰረት የሚለውን ሁሉ ተሸክሞ እስከ አራት ነጥቡ ይጓዛል፣ እዛ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ወድቋል። በአጭር አጭሩ ብንቆርጠው ግሱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሰውም ትንሽ ትንሽ እየያዘ ይሄዳል። ደግሞ "አስፈላጊው ማስረጃ" የቱ ነው? "ተገቢው እርምጃ" ምንድነው፣ የሚወስደውስ ማነው? የጻፈው ሰው ቀለል አርጎ ሊጽፈው ቢሞክር ኖሮ እነዚህን መመለስ ግድ ይሆንበት ነበር፣ ለኔ የከባድ አማርኛ ትልቁ ችግር ይሄ ነው፣ ጸሐፊው ራሱ ያላወቀውን ነገር ይሸፍንለታል።

እኔም ካሳንቺስ ያለው ቢሯችን ውስጥ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ስጀምር አካባቢ አንድ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ስር ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ለራሴ ጉዳይ ልጽፍ ሄጄ ታሪኩን ከስር መሰረቱ ሳወራላቸው እጃቸውን ከታይፕራይተሩ ላይ አንስተው "ልጄ፣ መጀመሪያ የምትፈልገውን ንገረው፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ይደርሳል" አሉኝ። ጋሼ እስከ ዛሬ ይጠቅሙኛል። አሁን ማስታወቂያ ጽፌ ከመለጠፌ በፊት ቡና ለምታፈላልንና ለጥበቃው አነብላቸውና "ምን አልኩ?" እላቸዋለሁ፣ የነገሩኝ ሌላ ከሆነ ስህተቱ የኔ ነው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።

እነሱ ናቸው ሳላስተውል የማልፈውን የሚያሳዩኝ። ለምሳሌ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ "ገና" በዓሉም ነው "ገና ነው"ም ነው፣ "አለ" ሲጠብቅ መኖር ሲላላ መናገር ነው፣ እኔ የቱን እንደፈለግኩ በጭንቅላቴ ይሰማኛል አንባቢው ግን ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያየው። ሰዓትም እንደዛው፣ አንዴ ከስልክ ላይ ቀድተን "9:00" ብለን ለጠፍን፣ ለጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መጣ።

አንዳንድ ሰው ቀላል አማርኛ ደብዳቤውን ክብር ያሳጣዋል ይላል። አይመስለኝም። ቅኔ እወዳለሁ፣ ወርቁን ከሰሙ ስር ፈልጎ ማግኘት የመሰለ ደስታ የለም፣ ግን እዛ ሰው ወዶ ነው የሚፈልገው። እማዬ የቤቷን ጉዳይ ለማወቅ ቅኔ መፍታት የለባትም።

በማግስቱ ቢሮው ሄጄ የሚያስፈልገውን ጠየቅኩ፣ ሁለት መስኮት ላይ ተመላልሼ አገኘሁት። ማታ ለእማዬ ከደብተር ላይ ወረቀት ቀድጄ በትልልቁ ጻፍኩላት፦

"የቤት ውልሽን ማሳደስ አለብሽ። እስከ አርብ ሂጂ። መታወቂያሽን፣ የድሮውን ውልና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዢ። ከቤት የሚያስወጣሽ የለም፣ ከዘገየሽ ግን ቅጣት ትከፍያለሽ።"

ጮክ ብላ አነበበችውና "ይኸው ነው?" አለችኝ። ይኸው ነው አልኳት። ሐሙስ ሄዳ ጨርሳ መጣች። ቅዳሜ ቡና ላይ ጎረቤታችን እትዬ መጡ፣ ያው ደብዳቤ እሳቸውም ጋ ደርሷል፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "ያቺን የናትህን ወረቀት ኮፒ አርግልኝ" አሉኝ።