«ሰርዝ» የምትለው ቁልፍ

አክስቴ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ አላት። ዱቤ የምትይዘው በደብተር ነበር። የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁላትና ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አድርጌ ለቀቅኩት።

ኮዱ ላይ በጣም ለፍቻለሁ። ዋናው ሕጉ አንዴ የገባ ሒሳብ አይጠፋም፣ አይነካም የሚል ነው። ስህተት ካለ በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል፤ ማለትም የተሳሳተው እንዳለ ሆኖ፣ እሱን የሚያካክስ አዲስ መስመር ይጨመራል። ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

በሳምንቱ ስሄድ ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ተመልሷል። 25 ብር ልታስገባ 250 አስገብታ፣ ማጥፊያው ቢጠፋት ትታዋለች። «ልጄ፣ በደብተር ቢሆን አንዴ ሰርዤ እገላገል ነበር» አለችኝ። ተከራከርኩ። የተቃራኒ ምዝገባን ጥቅም ላስረዳት ሞከርኩ። ዝም ብላ ደብተሩን ገልጣ አሳየችኝ። በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ 80 ብር አለ፤ ከጎኑ 60 ተጽፏል። 80ው ግን አሁንም ይነበባል።

እዚያው ገባኝ። አክስቴ የምታጠፋው ነገር የለም። ያንኑ ሕግ ለዓመታት ስትሠራበት ኖራለች። ያስቸገራት የእኔ ስክሪን ነው።

ማታውኑ «ሰርዝ» የምትል ቁልፍ ጨመርኩ። ስትነካት ቁጥሩ ላይ መስመር ይሰመርበታል፤ ተቃራኒውን ምዝገባ ፕሮግራሙ ራሱ ከሥር ይጽፈዋል። መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ጫፉን አልነካሁትም።

ዳታቤዙን ራሱን የቀየርኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመረጥኩት ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ነበር፤ እሱ ሰርቨር፣ ማለትም ከበስተጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ጎረቤት ባለሱቆች ሊጭኑት ሞክረው ሰርቨሩና የይለፍ ቃሉ ጋ ሲደርሱ ተዉት። ወደ ኤስኪውላይት አዞርኩት። ሰርቨር አይፈልግም፣ ዳታው አንድ ፋይል ነው። ለአንድ ሱቅ ከበቂም በላይ ነው።

እምቢ ያልኩበትም አለ። ባትሪው በሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሴቭ ማድረጉ ሲዘገይ፣ ኮዱን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ሲንክሮነስ» የሚለውን ቅንብር እናጥፋው አለ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ግን ቅንብሩ ሲጠፋ ኤስኪውላይት መረጃው ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢሄድ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የሰው ሒሳብ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። በምትኩ አንድ ደንበኛ የወሰደው 10 ዕቃ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉም በአንዴ፣ እንዲጻፍ አደረግን። መዘግየቱ ቀረ።

ደብተሩ አልተጣለም። መብራት ሲጠፋ አክስቴ እዚያ ላይ ትጽፍና ሲመጣ ታስገባዋለች። ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም በገባበት ቀን ነው የሚመዘግበው። አሁን የያዝኩት ይህን ነው፦ ዱቤው የተወሰደበትን ቀንና የተመዘገበበትን ቀን ለየብቻ ማስቀመጥ። አክስቴ የምታየው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ «መቼ ወሰደ?»