ከ1865 ወዲህ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ በአንድ ሴሚስተር ማስተማር

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የአሜሪካ ታሪክ አስተምራለሁ። ኮርሱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1865 ተነስቶ እስከ ዛሬ ይዘልቃል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ነርስ፣ አካውንታንት ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ናቸው። ከሌሊት ሥራ ወጥተው በቀጥታ ክፍል የሚገቡም አሉ። ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የሚወስዱት የመጨረሻው የታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ስለዚህ ኮርሱን ሳዘጋጅ መጀመሪያ የወሰንኩት ሁሉንም ለመንካት እንደማልሞክር ነው።

በምትኩ አንድ ጥያቄ ያዝኩ፤ አሜሪካዊ ማን ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? ምሰሶው በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብለን እናነባለን፤ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ዜጋ ነው፣ ሕጉም ሁሉንም እኩል ይጠብቃል የሚለውን። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፕሌሲ ጉዳይ ጥቁርና ነጭን በባቡር መለያየት ከአንቀጹ ጋር አይጋጭም አለ። በ1898 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ ያንኑ አንቀጽ ይዞ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደ። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፤ እኔም እተዋቸዋለሁ፣ ክርክሩ ከእኔ ገለጻ የበለጠ ያስተምራልና።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የ1924ቱን የስደተኞች ኮታ የምናነብበት ቀን ነው። ሠንጠረዡን አትሜ አድላለሁ። ለጀርመን በዓመት 51,227 ሰው፣ ለአየርላንድ 28,567፣ ለጣሊያን 3,845፣ ለኢትዮጵያ 100። እያንዳንዱ በጣቱ እየወረደ የቤተሰቡን አገር ይፈልጋል። አንዴ አንድ የሀበሻ ልጅ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ይሄ መቶ ለዓመቱ በሙሉ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ለዓመቱ በሙሉ። ኮታው የተሰላው በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ አዲስ ቆጠራ እያለ ለምን አሮጌው ተመረጠ ብዬ እጠይቃለሁ። ጣሊያኖችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት የመጡት ከዚያ በኋላ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ወላጆቻቸው ከኤል ሳልቫዶር የመጡት ደግሞ አገራቸውን ሠንጠረዡ ላይ ያጡታል። ኮታው የአሜሪካን አህጉር አገሮች አይነካም ነበር፤ የደቡብ ምዕራብ ትልልቅ ገበሬዎች የሜክሲኮን ጉልበት ይፈልጉ ስለነበር። ሕጉን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ወረቀቱን እጃቸው ላይ ማኖር ምን ያህል እንደሚለይ ያየሁት በዚህ ነው።

የመብት ትግሉን በማርቲን ሉተር ኪንግ አልጀምርም፤ ስለ እሳቸው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምተዋል። እኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው በፋርምቪል ከተማ እጀምራለሁ። የሞተን ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪዎች የተሠራ ሲሆን ከ400 በላይ ጥቁር ተማሪዎች ታጭቀውበት ነበር፤ ትርፎቹ የሚማሩት ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ጎጆዎች ውስጥ ነበር። ሚያዝያ 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ጓደኞቿን አስተባብራ ትምህርት አስቆመች። ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ያቀረቡት ክስ ከሌሎች ጋር ተዳብሎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለያየት የከለከለበት የ1954ቱ የብራውን ውሳኔ አካል ሆነ። የአውራጃው ባለሥልጣናት ግን ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብለው በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጉ፣ እስከ 1964 ድረስ። አምስት ዓመት! ነጮቹ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲገቡ ብዙ ጥቁር ልጆች ያለ ትምህርት ቀሩ። ተማሪዎቼ እነዚያ ልጆች ዛሬ ስንት ዓመታቸው እንደሚሆን ሲያሰሉ ከአያቶቻቸው ዕድሜ ጋር ይገጥምላቸዋል። ለዚህ ጉዳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የበለጠ ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ልክ ነው ብዬም አምናለሁ።

ጊዜውን ያገኘሁት ሌላውን በመቁረጥ ነው። የፕሬዚዳንቶች ዝርዝር፣ የቀረጥ ክርክሮችና የጦር ሜዳ ውሎዎች ወጥተዋል። የቀዝቃዛውን ጦርነት ማሳጠር ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ፈተናው በክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፋል። አይተውት የማያውቁትን ሰነድ እሰጣቸውና ማን፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ እንደጻፈውና ካነበብናቸው ከየትኛው ጋር እንደሚጣላ ያብራራሉ። የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ ዋስትና) ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን የሚያስቀርበት ክፍል ጥሩ የፈተና ሰነድ ነው፤ በጥሞና ያነበበ ተማሪ ቃሉ ስለ ዘር ምንም ሳይል በደቡብ ብዙዎቹን ጥቁሮች ውጭ እንደተወ ይይዘዋል።

የመጨረሻው ሥራ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ታላቅ ሰው ጠይቆ ወደ አሜሪካ የገባበትን ሕግ ማግኘት ነው፤ የ1924ቱን ዓይነት የአገር ኮታ የሻረው የ1965ቱ፣ ከአገራቸው ሸሽተው ጥገኝነት ለሚፈልጉ የወጣው የ1980ው ወይም ዲቪን ያመጣው የ1990ው። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ቤተሰብ ያለው ተማሪ አያቶቹ ከተማ የቀየሩበትን ምክንያት ይጠይቃል። ይህን ማስጀመር ያለብን ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ነው፤ በተለይ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ወላጆች አፋቸውን እስኪከፍቱ ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ልጆቻቸውም ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በትግርኛ አስተካክለው ለማቅረብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።