«ወዲያውኑ»

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት፣ ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጠዋት ስብሰባ ላይ የሰጠሁት አንድ መልስ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ሲኒየራችን የሌሊቱን ታካሚ ታሪክ ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመሆኑ ግሉኮስ ወደ አንጎል ነርቭ ሴል የሚገባው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ፣ «ኢንሱሊን በሩን ይከፍትለታል» አልኩ።

ወሩ ኅዳር፣ የቡና ለቀማው የደራበት ሰሞን ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ገበሬ ከአጋሮ በኩል በልጃቸው ተደግፈው ከምሽቱ 1፡10 ላይ ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፣ አንደበታቸው ተሳስሯል፣ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። እኔ እጃቸውንና አፋቸውን እንጂ ላባቸውን ልብ አላልኩም። ስትሮክ ነው ብዬ ሬዚደንቱን፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነውን ሐኪም፣ አስጠራሁና የሲቲ ስካን መጠየቂያ መሙላት ጀመርኩ። እሱም መጥቶ ጉልበታቸውን በመዶሻ እየመታ፣ የእግራቸውን መዳፍ እየፋቀ፣ ጉዳቱ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሆነ በዝርዝር ያስረዳኝ ገባ። ማስረዳቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

በሌላ አልጋ ላይ ተጠምዳ የቆየችው የተራዋ ነርስ ስትመለስ ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገረችና ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ዶክተር፣ ስኳራቸው ተለክቷል?» አለችኝ። አልተለካም። «ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ወጥተዋል፤ ምሳ ሳይቀምሱ ቡና ሲያሰጡ ነው የዋሉት ይላል ልጃቸው» አለችና መልሳችንን ሳትጠብቅ የጣታቸውን ጫፍ ወጋች። ጠብታዋን ስትሪፑ ሳባት፤ ግሉኮሜትሩም ጥቂት ሰከንዶች ቆጥሮ 28 አለ፤ ስኳራቸው እጅግ ወርዷል። የ40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ቀስ እያለ ሲገባ መጀመሪያ ዓይናቸው ጠራ፣ ቀጥሎ ያ የማይታዘዘው እጅ ብርድ ልብሱን ጎተተ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የተናገሩትን ሲስተር ሳቅ ብላ ተረጎመችልን፤ «ቡናውን ሸፈናችሁት ወይ?» ነው ያሉት። የወሰዱት ኢንሱሊን ገና ሥራውን ስላልጨረሰ፣ ግሉኮስ እየተንጠባጠበላቸውና ስኳራቸው በየሰዓቱ እየተለካ አደሩ።

ጠዋት ያን መልሴን ስሰጥ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲኒየራችን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የአንጎልን በር የሚከፍተው ኢንሱሊን ቢሆን ኖሮ» አሉ በእርጋታ፣ «ትናንት ማታ በጅማ ከተማ ከእኚህ ሰው የበለጠ የጠገበ አንጎል ባልተገኘ ነበር። ኢንሱሊን በዝቶባቸው አይደል እንዴ የወደቁት?» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ልክ ነበሩ። ኢንሱሊን የሚከፍተው የጡንቻንና የስብ ሴሎችን በር ነው፤ ግሉት 4 የተባለው አሳላፊ ፕሮቲን በሴሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ኢንሱሊን ሲመጣ ወደ ገጹ ይወጣል። አንጎል ግን ይህን ደጅ ጥናት አያውቅም። ግሉኮስ በመጀመሪያ በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ባለው ግሉት 1 በኩል ከደም ይሻገራል፤ ከዚያም ነርቭ ሴሉ በገጹ ላይ ዘወትር በተሰለፈው ግሉት 3 ይቀበለዋል። በአንጎል ሴሎች መካከል ያለው ግሉኮስ በደም ውስጥ ካለው በብዙ ያነሰ ስለሆነ፣ ጥቂቱንም አጥብቆ የሚይዝ እንደ ግሉት 3 ያለ ተቀባይ የግድ ያስፈልጋል። የገባውም ሄክሶካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት ስለሚለጥፍበት ተመልሶ አይወጣም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ግሉቶች ግሉኮስን ከበዛበት ወደ አነሰበት የሚያሳልፉ በሮች እንጂ ኃይል አውጥተው የሚስቡ ፓምፖች አይደሉም። በዚያች ምሽት ኢንሱሊኑ ስኳሩን ለጡንቻ ሲያድል፣ ጉበትም ያለውን እንዳይለቅ ሲከለክል፣ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከሚቃጠለው ኃይል 20 በመቶ ገደማ የሚወስደው አንጎል፣ የራሱ ስንቅ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ጾሙን ዋለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ስገልጥ፣ ለማስታወስ የሚያገለግለውን ሂፖካምፐስን በመሳሰሉ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ግሉት 4 እንደሚገኝ፣ የኢንሱሊን ተቀባዮችም በአንጎል ውስጥ እንዳሉ አነበብኩ። ይህ አንጎል ዋናውን ግሉኮሱን የሚያገኝበትን መንገድ አይለውጥም፤ ቢሆንም ገጹን ኮፒ አድርጌ በጋውኔ ኪስ ሁለት ሳምንት ያህል ይዤው ዞርኩ። ለሲኒየራችን የማሳይበት አጋጣሚ አልተገኘም ብል ይሻለኛል።

አንድ ነገር ግን ያን ጠዋት ማንም አልጠየቀም። ሬዚደንቱ ታሪኩን ሲያቀርብ፣ «ስኳራቸውን ወዲያውኑ ለካን» አለ፤ ሲኒየራችንም በዚህ በኩል ሁለታችንንም አመሰገኑን። ሲስተር በዚያን ሰዓት ተራዋን አስረክባ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ሬዚደንቱን በሐሰት ልከሰው አልችልም፤ ያነበበው ካርዱ ላይ የተጻፈውን ነው። ካርዱ ላይ የገቡበት ሰዓት 1፡10፣ ስኳራቸው የተለካበት ሰዓት 1፡35 ይላል፤ በሁለቱ መካከል «ወዲያውኑ» የሚለው በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።