የመጽሐፉን ቁጥር ወደ ጎንደር ማምጣት፦ የሕንፃ አገልግሎት ፕሮጀክቴ አሠራር

የሕንፃ አገልግሎት ምሕንድስና የሚባለው ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መብራቱ፣ አየሩና ሙቅ ውሃው ነው። እኔ በተማርኩበት ቦታ በአንድ ክፍል አልተሰበሰበም፤ ሳኒተሪው (ውሃና ፍሳሹ) ሲቪል ጋ፣ ፓምፕና አየር ማናፈሻው መካኒካል ጋ፣ ገመዱ ኤሌክትሪካል ጋ ነው። በመካኒካል ገብቼ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ጎንደር በሚገኝ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ላይ ሠራሁ፦ 6 ቤት፣ 30 ነዋሪ፣ 180 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ። ከኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች (ኢቢሲኤስ) 9 ለሳኒተሪ፣ 10 ለኤሌክትሪክ፣ 11 ለአየር ማናፈሻ ናቸው፤ ሦስቱንም መጀመሪያ ማንበብ ይጠቅማል።

መማሪያ መጽሐፎቹ ሳይናገሩ የሚያስቡት ሁለት ነገር አለ፤ ሕንፃው ባሕር ጠለል ላይ እንደቆመና ቧንቧው 24 ሰዓት እንደሚፈስ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የሕንፃው ውሃም የሚመጣው በፈረቃ ነው። የሥራዬ አብዛኛው ድርሻ እነዚህን ሁለት ግምቶች ከየስሌቱ ነቅሎ ማውጣት ሆነ።

ከ16ቱ ሳምንት 4ቱ ለልኬት ሄዱ፤ ዛሬ ብጀምረው 6 አደርገዋለሁ። መሣሪያው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። ጓሮ ያለው ቧንቧ ጀሪካኑን በ100 ሰከንድ ሞላ፤ በሰከንድ 0.2 ሊትር ማለት ነው። ውሃው በ5 ቀን አንዴ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይመጣል። ፍላጎቱን በሰው 80 ሊትር ስይዘው በቀን 2,400፣ በ5 ቀን 12,000 ሊትር ይሆናል። የመጀመሪያ መልሴ እንደማንኛውም ሰው ነበር፦ ባለ 5,000 ሊትር ሦስት ሮቶ። ነገር ግን 0.2 ሊትር በ8 ሰዓት ሲባዛ 5,760 ሊትር ብቻ ነው። ሮቶዎቹ ግማሽ እንኳ ሳይሞሉ ፈረቃው ያልፋል። ሮቶ ጨምረን ውሃ ጠፋ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ሮቶ ሳይሆን መግቢያ ነው።

መግቢያው ግማሽ ኢንች ነበር። የውስጡን ስፋት ከ15 ወደ 20 ሚሊሜትር ስናሳድገው በዚያው የግፊት ብክነት ከሁለት እጥፍ ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ያልፋል፤ የቧንቧው ጉሮሮ ትንሽ ሲሰፋ ውሃው በብዙ ይጨምራል። ቆጣሪው ግን እዚያው ግማሽ ኢንች ስለሆነ ያንቃል፤ በስሌቴ በሰከንድ 0.4 ሳይሆን 0.3 ሊትር ወሰድኩ። ሁለተኛው እርምጃ ከመንገድ የሚመጣውን ውሃ በቀጥታ ወደ ጣሪያ አለመላክ ነው። እያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይበላል፣ የሌሊቱ ግፊት ደግሞ ያን ያህል የሚተርፈው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ መሬት ላይ ባለ ሮቶ፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላዩ ሮቶ። በዚህ አካሄድ በፈረቃ 8,640 ሊትር ይገባል፣ በቀን የሚጎድለው 670 ሊትር አካባቢ ነው።

ጉድለቱን በዝናብ ልሸፍን ብዬ ያጠፋሁት ጥፋት እዚህ ጋ ነው። የዓመቱን ዝናብ 1,100 ሚሊሜትር ይዤ፣ በ180 ካሬና በ0.85 (ከጣሪያው በእርግጥ የሚሰበሰበው ድርሻ) አባዝቼ፣ 168,000 ሊትር አገኘሁ። ለ12 ሳካፍለው በወር 14,000፣ በቀን 460 ገደማ። ወረቀት ላይ ያምራል። የጎንደር ሰማይ ግን በወር በወር አያካፍልም፤ ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ጥር ላይ ደመናም ብርቅ ነው። ስሌቱን በወር ስሠራው 300 ሚሊሜትር በሚጥል ወር ከጣሪያው 46,000 ሊትር ያህል ይወርዳል፣ በጥር ዜሮ። የክረምቱን ውሃ ለበጋ ላስቀምጥ ካልኩ 8 ወር በ670 ሊትር ሲታሰብ ከ160 ሜትር ኩብ በላይ ጉድጓድ ይጠይቃል፤ ግቢው ሁሉ ጉድጓድ ይሁን ካልተባለ በቀር አይሆንም። ስለዚህ የዝናቡ ታንክ 10,000 ሊትር ብቻ ሆነ። ሥራው በክረምት ለሽንት ቤትና ለልብስ ማጠቢያ ማገልገል ነው፣ ለበጋ ማከማቸት አይደለም። የበጋው ጉድለት የሚቀነሰው ከፍጆታ ነው፤ ሽንት ቤቶቹን ባለ 6 እና 3 ሊትር ሁለት ቁልፍ በማድረግና የቧንቧ ጫፎቹ የሚለቁትን ውሃ በመቀነስ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ያህል መጣል አለበት፤ ለዚህ ጣሪያ 180 ሊትር። ይህን ውሃ ለመያዝ መጽሐፉ ላይ ያለው የቁም ቧንቧ በ110 ሚሊሜትር ስፋት ከ20 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል፣ ከላይ ተንሳፋፊ ኳስ፣ ከታች 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ቀዳዳው ካልተከፈተ በርሜሉ ሞልቶ ይቀርና ለሚቀጥለው ዝናብ ምንም አይሠራም። አሸንዳው በሜትር 5 ሚሊሜትር ያዘቅዝቅ፤ በረዶ ሲጥል አፉ ስለሚደፈን ውሃው ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲፈስ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ዝቅ ይበል።

ፓምፑ ላይ ከፍታው ራሱን ያሳያል። በባሕር ጠለል አየሩ ውሃን ወደ 10.3 ሜትር ይገፋል፣ እዚህ ግን 8 ሜትር ያህል። ፓምፑ ራሱ የሚፈልገውን 3 ሜትር፣ የቧንቧ ብክነትና ትንሽ መጠባበቂያ ስቀንስ ለመሳብ የቀረኝ 3.5 ሜትር ገደማ ነው። ካታሎጉ «7 ሜትር ይስባል» ቢልም ያ የተለካው ሌላ ቦታ ነው። ሲያልፍበት ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮሃል፣ በወራት ውስጥም የውስጡ ክንፍ ተበሳስቶ ያልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፓምፑን ከሮቶው ጎን ከውሃው ወለል በታች ማስቀመጥ፣ የመሳቢያውን ቧንቧ ከመግፊያው አንድ ደረጃ ማስፋት። የሞተሮችም ኃይል በተለምዶ የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ ከዚያ በላይ አምራቹ የሚሰጠውን የኃይል ቅነሳ ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። ጄኔሬተር ላይ ቅነሳው ከዚህም ይብሳል።

ሙቅ ውሃው ብዙ የተማርኩበት ክፍል ነው። በሰው 35 ሊትር በ40 ዲግሪ፣ የሚገባው ውሃ 17 ዲግሪ ቢሆን፣ በቀን 28 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ለዚህ 10 ካሬ ሜትር ገደማ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ (ሶላር) እና 600 ሊትር በ60 ዲግሪ የሚያከማች ታንክ ያዝኩ። አቅጣጫው ደቡብ፣ ዘንበልታው 20 ዲግሪ። በ12.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ያኔ ግን ደመናው ስለሚበዛ ለእሷ ብሎ መመቻቸት አይጠቅምም፤ ብርዱ የሚጠናው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ነው።

በየጣሪያው የምናየው የመስታወት ቱቦ ሶላር የሚሰበረው በምን ይመስላችኋል? ብዙ ሰው በረዶ ይላል። በረዶም ይሰብራል፤ በፈረቃ ውሃ አገር ግን ሌላ ገዳይ አለ። የላዩ ሮቶ ሲያልቅ የሶላሩ ታንክ አብሮ ይደርቃል። ቱቦው ባዶውን ቀትር ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። ውሃ ሲመጣ፣ ወይም ሰውየው ደስ ብሎት ፓምፑን ሲያስነሳ፣ 17 ዲግሪ ውሃ የጋለው መስታወት ላይ ይወርዳል። ቷ! አንድ ቱቦ ሲፈነዳ የታንኩ ውሃ በዚያ ቀዳዳ ይፈሳል።

ያስቀመጥኩት መከላከያ የቧንቧ አቀማመጥ ብቻ ነው። ከላዩ ሮቶ የሶላሩን መስመር ከታች ጫፍ አወጣሁ፣ ወደ ቤቶቹ የሚወርደውን ሌላውን መስመር ደግሞ ከዚያ በ30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ። ስፋቱ 1.8 ሜትር በሆነ ሮቶ 30 ሳንቲሜትር ማለት 760 ሊትር ነው፤ ሰዎቹ ውሃ አለቀ ሲሉ ሶላሩ ገና አንድ ቀን ይተርፈዋል። ከሶላሩ በሚወጣው የመጀመሪያ 3 ሜትር ላይ ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ አላደረግሁም፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት) ተጠቀምኩ። ከዚያ በኋላ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቫልቭ ይመጣል፤ ልጆች እንዳይቃጠሉ።

ሌላ ብዙዎች የሚረሱት፣ በመስመሩ ውስጥ የሚቀዘቅዘው ውሃ ነው። 15 ሜትር ባለ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ 4.7 ሊትር ይይዛል። 30 ሰው በቀን አንዴ «እስኪሞቅ» ብሎ ቢለቅቀው 141 ሊትር ወደ ፍሳሽ ሄደ። መታጠቢያ ቤቶቹን አንድ ላይ ደርቦ የመጨረሻውን መስመር ወደ 15 ሚሊሜትር ማጥበብ ያንን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። አርክቴክቱ ፕላኑን ሳይዘጋ መነገር አለበት፤ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ማቀዝቀዣውን ባጭሩ፦ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሴሚስተር ያጠናነው ቺለር (ውሃ እያቀዘቀዘ ሕንፃ የሚያበርድ ማሽን) ለዚህ ቤት አላስፈለገም። የጎንደር ሌሊት ራሱ ያቀዘቅዛል፣ ወፍራም ድንጋይ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ፋሲል ግቢ በቀትር መግባት ይበቃል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና የአየር መውጫ፣ ትይዩ መስኮቶች፣ አለቀ። ስሌቱን የሚሠራ ግን የአየሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ሳይሆን 0.93 ኪሎ ገደማ መሆኑን አይርሳ።

የላዩ ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ ለስትራክቸር ባለሙያው በሁለተኛው ሳምንት መንገር ሲገባኝ በአሥረኛው ነገርኩ፣ ቦታውም ወደ ኮለኖቹ ራስ ሲዛወር የቧንቧው ሥዕል ሁሉ እንደገና ተሠራ። የ110 ሚሊሜትሩ የፍሳሽ ቧንቧም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ውስጥ ሲያልፍ የተገኘው ያኔ ነው።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ አንድ ማስታወሻ በአማርኛ፣ በትልቁ ጻፍኩ፤ ቫልቩን የሚከፍተው መሐንዲስ ሳይሆን ዘበኛው ነውና። «ሶላሩ ከደረቀ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ውሃ አይለቀቅበትም፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠበቅ።»