ሰኞ በደብረ ሊባኖስ

የእናቴን አርባ አወጣን። የእድሩ ድንኳን ተነቀለ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ተመለሰ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሄደ። ቤቱ ጭር አለ።

የሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ወደ ደብረ ሊባኖስ ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። ዓመቱ 2011 ነበር። እሑድ ኅዳር 23 ከቅዳሴ በኋላ ተነስቶ ሰኞ ማታ ይመለሳል። ኅዳር 24 የካህናተ ሰማይ በዓል ነው፤ ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ቀን ይታሰባሉ። እውነት ለመናገር መሄድ አልፈለግኩም። ጎረቤታችን እማማ፣ የእናቴ የጽዋ ባልንጀራ፣ ከፍለውልኝ መጡ። «ተመዝግበሻል። ጋቢ ያዢ፣ ሰላሌ ይበርዳል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ጋቢውን ያዝኩ። የእናቴንም ዳዊት ያዝኩ።

ስለ ዳዊቱ ትንሽ ልንገራችሁ። ብራና አይደለም፣ የታተመ ነው። የቆዳ ማኅደሩ ጥጋ ጥጉ ተልጧል። የሰኞው ክፍል ገጾች ታችኛው ጥግ ላይ በአውራ ጣት ብዛት ጠቁረዋል፤ አንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል። እናቴ ልጅ ሳለች ቄስ የነበሩት አባቷ ፊደል አስቆጥረው፣ ወንጌል አስነብበው፣ ዳዊት አስደግመዋታል። የተማረችው ንባብ ነው። ትርጓሜ አልተማረችም። ግዕዙን ጥርት አድርጋ ታነባለች፤ ትርጉሙን ግን ግማሹን በግምት ነው የምትይዘው።

ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። ልጅ ሆኜ ሰኞ ሰኞ የምነቃው በእሷ ድምፅ ነበር። 22ኛው ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርገዋለች። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ።» ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «እግዚአብሔር ያየኛል፣ የሚጎድልብኝም የለም ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ «ያየኛል» የቤታችን ቃል ሆነ። የቤት ኪራይ ሲጨመርብን «ያየኛል»። ወንድሜ ሥራ ሲፈታ «ያየኛል»። ስትታመምም ያው ነበር።

የመጨረሻ ቀኗ ሰኞ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ዓይኗ ስለደከመ ዳዊቱን እኔ አነብላት ጀመር። ግዕዙ ያስቸግረኛል። ስሳሳት ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ታርመኛለች። 22ኛውን እንደጨረስን የክፍሉ ሠራተኛ መጣና የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል፣ ውጪ አለኝ። አስታማሚ ማደር አይችልም አለ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አልሰማኝም። ክሩን እዚያው ገጽ ላይ አድርጌ «ቀሪውን ነገ እናነባለን» አልኳት። ሌሊት አረፈች። ብቻዋን።

አርባውን ቀን ሙሉ ያንገበገበችኝ ይህች «ብቻዋን» የምትል ቃል ናት። ለቅሶ ደራሹ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ «አሜን» እላለሁ። በሆዴ ግን ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ያየኛል ስትል ኖረች። ያን ሌሊትስ አያት? ካያትስ አይቶ ምን አደረገላት?

አውቶቡሱ አዲሱ ገበያን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ከበሮ ተመታ፣ መዝሙር ተጀመረ። እኔ አልዘመርኩም። ሱሉልታን፣ ጫንጮን በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። ሙከ ጡሪ አካባቢ ጤፉ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ወርቅ መስሎ ቆሟል። ጾመ ነቢያት ስለነበር እማማ በፌስታል የያዙትን ቆሎ እያዘገኑኝ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የእሳቸው ዝምታ ደስ ይለኝ ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያጠፉት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ለቅሶ ቤት ስሄድ አሁን ይህን አስባለሁ።

ከደብረ ጽጌ በፊት አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። የእናቴን 22ኛ መዝሙር በሚገባኝ ቋንቋ ላነበው ፈለግኩ። ገለጥኩት። «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ይላል።

ደነገጥኩ። መልሼ ቁጥሩን አየሁት፤ 22 ነው። ይሄ ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸው ቃል ነው። እናቴ ሰኞ ሰኞ ድምጿን ከፍ አድርጋ የምትለው ይህን ነበር እንዴ? ግራ ገባኝ። ግን ደግሞ መጽሐፉን መዝጋት አቃተኝ። አርባ ቀን ሙሉ ለራሴም ጮክ ብዬ ለመናገር የፈራሁትን ነገር ዳዊት ጽፎት፣ ጌታ ራሱ ብሎት፣ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ይኖራል። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ክህደት መስሎኝ ነበር። ጸሎት ነው ለካ!

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ሜዳው በድንገት ያልቅና ገደል ይከፈታል። ጭላዶች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከታች የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ይህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ነው። ገዳሙ ግን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ስሙ መጀመሪያ ደብረ አስቦ ነበር። ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ከላይ ገደሉ ውስጥ አለ፣ ጠበሉም እዚያ ነው።

ማታ የጉዞው መሪ ሰብስቦን በ1929 ዓ.ም. እዚህ ስለሆነው ነገር ነገረን። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ግራዚያኒን ሊገድሉ ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ገዳሙ እጁ አለበት ተባለ። በግንቦት ወር ጣሊያኖች ገዳሙን ከብበው መነኮሳቱን እየጫኑ ወስደው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ብሏል። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሞቱት ከዚያ እጅግ እንደሚበዙ ጽፈዋል። ከተረሸኑት ብዙዎቹ ዳዊት ደጋሚዎች ነበሩ ብዬ አሰብኩ። ያን ቀንም ጠዋት ደግመው ይሆናል። መሪው ሲጨርስ ማንም አልተናገረም። ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ተኛን። ሰላሌ እንደተባለው ይበርዳል።

ሳይነጋ ወጣሁ። ቅጥሩ ሥር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ዳዊት ይደግማሉ። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና የእናቴን ዳዊት ገልጬ በጣቴ ተከተልኳቸው። ሰኞ ነው፣ የእናቴ ክፍል። 20። 21። «አምላኪየ አምላኪየ ነጽረኒ ወለምንት ኀደገኒ» ሲሉ ገባኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያነበብኩት ይኸው ነው። በግዕዙ 21 ነው ማለት ነው! ከዚያ 22 መጣ። እንባዬ ቀድሞኝ ወረደ።

ጨርሰው ዘወር አሉ። «የማን ዳዊት ነው ልጄ?»

«የእናቴ ነው አባ። አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር። ስመ ክርስትናዋ ማን ነበር?»

ነገርኳቸው። ከዚያ ሌላውንም ነገርኳቸው። ሆስፒታሉን፣ ሠራተኛውን፣ ክሩን፣ ብቻዋን መሞቷን። የቁጥሩንም ጠየቅኳቸው። ግዕዙ ብሉይን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የተረጎሙትን የሰብዓ ሊቃናትን አቆጣጠር፣ የያዝኩት አማርኛ ግን የዕብራይስጡን ስለሚከተል ነው አሉኝ። ሊቃናቱ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን አንድ አድርገው ስለቆጠሩ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው በአንድ ይለያያል። «ስለዚህ እናትሽ ‹ለምን ተውኸኝ›ን ሳትል ‹ይሬዕየኒ› ላይ ደርሳ አታውቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው» አሉ።

«እሷ ‹ያየኛል› ነበር የምትለው።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱ። ጥፍራቸው የተሰነጠቀ ጣታቸውን ከአንድ ፊደል ሥር አደረጉ። «ይቺን አየሻት? ዕ። ዐይኑ ዐ ናት። በአልፋው አ ሲሆን ‹ርእየ› ነው፣ አየ። በዐይኑ ሲሆን ግን ‹ረዐየ› ነው። ጠበቀ፣ አሰማራ፣ እረኛ ሆነ።»

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» አልኩ። ይህን በአማርኛ ማን የማያውቀው አለ? ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘምረው ነው የኖርኩት። የእናቴ ሰኞ መሆኑን ብቻ ነበር የማላውቀው። «ተሳስታ ነበር ማለት ነው አባ?»

ቶሎ አልመለሱልኝም። «ለጆሮ አንድ ነው። እሷም አልሳተችም፤ የማያይ እረኛ የለም። እረኛ ግን ከሩቅ አይቶ የሚያልፍ መንገደኛ አይደለም። ሌሊት ከበጎቹ ጋር ያድራል። ቀጥዪ፣ የሚቀጥለውን አንብቢው።»

አነበብኩ። «እመኒ ሖርኩ ማእከለ ጽላሎተ ሞት ኢይፈርሆ ለእኩይ፣ እስመ አንተ ምስሌየ።» በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ ክፉን አልፈራም፣ አንተ ከእኔ ጋር ነህና።

«ምስሌየ» አሉ። «ከእኔ ጋር። እናትሽ ይህን ከንፈሯ ላይ ይዛ ነው ያደረችው። አንቺን አስወጡሽ። እሱን ማን ያስወጣዋል?»

ከቀብሯ ቀን ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እሳቸው አላባበሉኝም፣ በቃሽም አላሉኝም። መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ስጨርስ «ሂጂ ጠበሉን ተጠመቂ፣ ብርዱን አትፍሪው» አሉኝ። ዳገቱን ወጣሁ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነበር። እስከ መጨረሻው ቆምኩ፤ የእናቴ ስም የተነሳ በመሰለኝ ቁጥር እማማ ክንዴን ይይዙኝ ነበር።

ሠራተኛውን ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ። ጥያቄዬም በሙሉ አልተመለሰም። «ብቻዋን» የሚለው ቃል ግን ከደረቴ ላይ ተነስቷል። አሁን ሳስበው ያ ክፍል ባዶ ሆኖ አይታየኝም።

ስንመለስ ሙከ ጡሪ አካባቢ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አንድ ልጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጎቹን ወደ በረት ያስገባል። በበትሩ እየነካ ቆጠራቸው፤ የመጨረሻዋ ስትገባ እሱም ከኋላዋ ገባ። አውቶቡሱ እስኪያልፍ አንገቴን አዙሬ አየሁት።

ጫንጮ ስንደርስ ጨለመ። ሰዉ ዘምሮ ደክሞታል። እማማ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለዋል። ሰኞ ገና አላለቀም ነበር። በስልኬ መብራት ዳዊቱን ገለጥኩ። ክሩ ያኔ ካደረግኩት ቦታ አልተነቃነቀም። አነሳሁትና ወደ 23 ዞርኩ። «ለእግዚአብሔር ምድር በምልዓ» ብዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

እማማ ዓይናቸውን አልገለጡም። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው ልጄ» አሉኝ።